ሳያስል የሚጠፋ ሞተር

ይህን ከራሴ አፍልቄ አይደለም የምጽፍላችሁ። ሆኗል። ሰውየው ዛሬም በሕይወት አለ፤ ስደውልለት ያነሳል። መኪናዋም አለች... የሚገዛት ጠፍቶ።

አስፈሪ ነገር ሲባል ሰው ሌሊት ይጠብቃል። ይሄ ግን በቀን ነው። መርካቶ ውስጥ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ተሸካሚው "ዞር በል" እያለ ትከሻችሁን ገጭቶ በሚያልፍበት ሰዓት።

ዘጠኝ ሰዓትን ያዙልኝ።

ሙናዊር ይባላል። የታክሲ ሾፌር ነው። ራጉኤል ጀርባ፣ እትዬ የሺ ግቢ ውስጥ ከሚስቱ ከሪሐና ጋር አንዲት ክፍል ተከራይቶ ይኖር ነበር። ግቢው ውስጥ ሦስት ቤት ብቻ ነው ያለው፤ የባለቤቷ የእትዬ የሺ፣ የእነሙናዊርና የእኔ። የምንገባበትም የምንወጣበትም በር አንድ ነው።

ሪሐና ካሁን በፊት አንድ ጊዜ አርግዛ ነበር። ምጧ ሲመጣ መኪና ፍለጋ ሲባል ረፈደ።

ልጁ አልተረፈም።

ስለዚህ እንደገና ስታረግዝ ሙናዊር ያለውን አሟጦ አንዲት አሮጌ ኮሮላ ገዛ። ለሥራ ነው ይበል እንጂ ለዚያች ቀን ነው የገዛት። ያቺ ቀን ስትመጣ መኪና በር ላይ ቆማ እንድትጠብቅ።

መኪናዋ ከቤንዚን ወደ ጋዝ የተቀየረች ነች። ከኋላ ኮፈኗ ውስጥ ትልቅ ሲሊንደር ተጋድሟል። ከመሪው ሥር ደግሞ አንዲት ማብሪያ አለች፤ ወደ ላይ ሲሏት በጋዝ፣ ወደ ታች ሲሏት በቤንዚን ትሄዳለች። ለቤንዚን ተሰልፎ መዋል ላንገፈገፈው ሰው ይህ ትልቅ እፎይታ ነው። ደላላው ሲያስማማው መኪናዋ የማን እንደነበረች እንኳ አጥብቆ አልጠየቀም። ደክሞት ነበር።

ያን ክረምት ሙናዊር ሁልጊዜ ደክሞት ነበር።

መጀመሪያ የቆመችበት ሰባተኛ ሰፈር ነው። ደንበኛ አድርሶ ባዶውን ይመለሳል። ዝናብ ያካፋል። በጠባቡ መንገድ ቀስ እያለ ሲሄድ ከኋላ ኮፈን ውስጥ ብረት ብረትን ሲነካ ሰማ።

ቃጭ...

ወዲያው ሞተሩ ጠፋ።

ሞተር ጋዝ ሲያጥረው ያስላል፤ ይንቀጠቀጣል፤ ላለመጥፋት ይታገላል። ይሄ አላሳለም። አንድ ሰው ከጎኑ ተቀምጦ እጁን ሰዶ ቁልፉን እንዳዞረበት... ዝም።

ቢሞክር አልነሳ አለው። ወርዶ የፊቱን ኮፈን ከፈተ። የተበጠሰ የለም፤ የሚያፈስ የለም። ጋዝም አልሸተተውም። የሸተተው ሌላ ነገር ነው... ረጥቦ ተጠቅልሎ የከረመ ሸራ።

የቆመው አንድ ሰማያዊ የቆርቆሮ በር ፊት ነበር። በሩ ተከፈተና አንዲት ሴትዮ ብቅ አለች። ነጠላዋን ራሷ ላይ አድርጋለች። እሱን አየችው። ከዚያ መኪናዋን አየቻት፤ ዓይኗን ቶሎ አልነቀለችም።

"ማንን ነው?" አለችው።

"ማንንም አይደለም እትዬ። መኪናዋ እምቢ ብላኝ ነው።"

ሴትዮዋ ተመልሳ ገባች። ሙናዊር ቁልፉን ነካ ቢያደርገው ሞተሩ በአንዴ ተነሳ።

ሁለተኛው አትክልት ተራ ነው። የሽንኩርት መጋዘኖቹ ጀርባ፣ አንድ የግንብ ግቢ በር ላይ። መጀመሪያ ያ ብረት... ቃጭ። ከዚያ ዝም። ዘበኛው ወጥቶ ማንን ፈልጎ እንደሆነ ጠየቀው። ሙናዊር የስልኩን ሰዓት አየ።

ዘጠኝ ሰዓት።

በማግስቱ ወደ ጋሼ ገብረ ማርያም ጋራዥ ወሰዳት። ጋሼ ገብረ ማርያም ሰባተኛ ውስጥ ከጋዝ መኪና ጋር ያረጁ ሰው ናቸው። ወገባቸው ስለማይታጠፍላቸው ሞተር የሚያዩት በርጩማ ላይ ተቀምጠው ነው። ነገሩን ሰምተው ሲያበቁ ሙናዊርን ከላይ እስከ ታች አዩት።

"መኪናዋ ድካሙ ከአንተ ተጋብቶባት ይሆናል" አሉ። "ሁለታችሁንም ማስተኛት ነው።"

የጋዙን ፊልትሮ ቀየሩ። ካንዴላዎቹን አውጥተው ጠረጉ። ጋዙን በሙቅ ውኃ የሚያሞቀውን ዕቃ ፈትተው ውስጡን አጠቡ። ምንም እንከን አላገኙበትም። ሂድና በቤንዚን ንዳት አሉት፤ ነዳት። ብዙ ቀን ነዳት፤ አንድም ጊዜ አልቆመችበትም። ቤንዚኑ ሊያልቅ ሲል ማብሪያዋን ወደ ጋዝ መለሳት።

በዚያው ቀን አንድ የልብስ ሰፊ ቤት ደጅ ላይ... ቃጭ። ዝም።

"በሽታዋ ከጋዙ ነው፤ ይሄ ታወቀ" አሉት ጋሼ በስልክ። "የት የት ላይ ነው የምትጠፋብህ? ዳገት ላይ? መብራት ላይ?"

"ሰው በር ላይ" አላቸው ሙናዊር።

አስቦበት አልነበረም። ከአፉ ከወጣ በኋላ ነው የሰማው።

እስቲ ብሎ በሰማያዊው በር በኩል አለፈ።

መንገዱ ተዘግቷል። ድንኳን ተተክሎበታል።

ጥግ ያለውን ባለሱቅ ማን እንደሞተ ጠየቀው። ባለሱቁ የቤቱ እመቤት ናት አለው፤ አሟት እንኳ አያውቅም፣ ቆማ ስትሄድ ነው ወደቀች የተባለው። ነጠላዋን ራሷ ላይ አድርጋ በር ላይ መቆም ትወድ ነበር አለው።

ወደ አትክልት ተራ ሄደ። በግንቡ ግቢ ደጅ ሰዎች አግዳሚ ወንበር በጋሪ ይጭናሉ። ድንኳኑ እየተነቀለ ነው።

ልብስ ሰፊው ጋ አልሄደም። እግሩ እምቢ አለው።

ይህ ትልቅ ከተማ ነው፤ ድንኳን የማይተከልበት ቀን የለም፤ ይሄን ለራሱ ነገረው። ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ መኪናዋን ወደ ግቢያችን አላስጠጋትም። ራጉኤል አጥር ሥር እያቆማት ጭቃውን በእግሩ ይመጣ ጀመር።

በግድግዳው በኩል ሲነጋገሩ እሰማቸዋለሁ።

"ለምንድን ነው እዚያ የምታቆማት?" ትለዋለች ሪሐና።

"መንገዱ ጭቃ ነው።"

"እና ያኔ እኔ ያንን ጭቃ በእግሬ ልወጣው ነው?"

ጭቃውን ከጫማው ሲፍቅ እሰማዋለሁ።

"ሙኒ... ለምን ነበር የገዛናት?"

ጠዋት ላይ ሲወጣ ዓይኑ ቀልቶ ነው የማየው። መኪናዋን ለመሸጥ አስቦ ነበር። ሽጦ ደግሞ ምጧ ቢመጣስ? እንደገና አስፋልት ዳር ቆሞ እጁን ሊያወዛውዝ ነው? ብትቀር ፈራት፤ ብትሄድ ፈራ።

ሪሐና ቀኗ ሲቃረብ ተመልሶ ጋሼ ገብረ ማርያም ጋ ሄደ። በሽታዋ ሳይገኝ አልሄድም ብሎ ጎማ ላይ ቁጭ አለ።

ጋሼ የልብስ ሳሙና በጣሳ ውኃ መትተው አረፋውን በብሩሽ የጋዙ ቱቦ መጋጠሚያዎች ላይ ቀቡ። ጋዝ የሚያመልጥበት ቦታ ካለ አረፋው ይነፋል፣ ይነፋል፣ ይፈነዳል። አሠራሩ ይሄ ነው።

ሞተሩ አልተነሳም። ሲሊንደሩ ተዘግቷል።

አንዲት አረፋ ተነፋች።

ሁለቱም አንገታቸውን አሰገጉ።

አረፋዋ አልፈነዳችም። ተመልሳ ሟሸሸች። እንደገና ተነፋች... ሟሸሸች... ተነፋች... ሟሸሸች። ቀስ እያለች። እንደተኛ ሰው ደረት።

"ጋሼ" አለ ሙናዊር በሹክሹክታ። "ጋዝ ይወጣል እንጂ... ይገባል እንዴ?"

ጋሼ ገብረ ማርያም በጨርቃቸው ጠረጉት።

"ነፋስ ነው" አሉ።

ግድግዳው ላይ የተንጠለጠለው የቀን መቁጠሪያ ቅጠሉ እንኳ አልተነቃነቀም።

ከዚያ ሲሊንደሩን ከነመቀመጫው አስነሱት። ሥሩ፣ ከብረቱና ከወለሉ መካከል፣ ክንድ የሚያህል የዛገ ብረት ተወሽቋል። አንዱ ጫፉ ሹል ነው፤ ሌላው ጫፉ ተጠምዝዞ ቀለበት ሆኗል። ቀለበቱ ላይ የገመድ ቁራጭ ታስሮበታል።

የድንኳን ካስማ።

ገመዱ እርጥብ ነበር። ሙናዊር አሸተተው። የከረመ ሸራ ይሸታል።

ጋሼ ገብረ ማርያም ግን ደስ አላቸው። "ይኸውልህ" ብለው የተላጠ ሽቦ አሳዩት። መኪናዋ ስትዘገይ ካስማው ይንሸራተትና ሽቦውን ይጫነዋል፤ ኤሌክትሪኩ ሲቋረጥ የጋዙ መዝጊያ በራሱ ይዘጋል፤ ሞተሩ ይጠፋል። ይኸው ነው። ሽቦውን ቀየሩና እጃቸውን ሲጠርጉ ፊታቸው ትንሽ ተለወጠ።

"ግን እንደሱ ከሆነ..." አሉ ለራሳቸው፣ "ማሳል ነበረባት።"

ተነስተው መኪናዋን ዞሯት። ጣሪያዋ ላይ ከጫፍ እስከ ጫፍ የተፋቀውን ቀለም በጣታቸው ዳሰሱት።

"ይህችን መኪና አውቃታለሁ ለካ። ቀለም ቀይረዋት ነው እንጂ የእድር ነበረች። ከላይ ድንኳኑን፣ ከኋላ ካስማውንና ድስቱን ጭና ሰው የሞተበት ቤት ደጅ ድረስ የምትሄደው እሷ ነች። ስንት ዓመት።"

"ሾፌሩስ ጋሼ?"

"መጨረሻ የወሰደችው ድንኳን የእሱ ነው።" ዞረው አዩት። "ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው የምትጠፋው ያልከኝ?"

"አዎ።"

"የቀብር ሰዓት" አሉና ንግግራቸውን ተዉት።

ሊወጣ ሲል ካስማውን በጨርቅ ጠቅልለው ሰጡት። ድንኳን ሲነቀል ካስማው ተቆጥሮ ነው ዕቃ ቤት የሚገባው፤ ይሄ ጎድሎባቸው ይሆናል አሉት። የእድሩ ዕቃ ቤት አውቶቡስ ተራን አልፎ ነው።

"የእድር ዕቃ ግለሰብ ቤት አያድርም። ዛሬውኑ መልስላቸው" አሉት።

"እሺ ጋሼ" አለ።

ሊመልስ ነበር። ይሄን ደጋግሞ ነግሮኛል፤ ልመልስ ነበር ይላል። ግን መንገዱ ተዘጋግቷል። ዝናቡ ጀመረ። ከሰባተኛ ሳይወጣ ዓይኑ ሊከደን ደረሰ። ከመኪናዋ አጠገብ አንዱ ጆንያውን ተሸክሞ "ቆራሌው" እያለ ያልፋል።

ሙናዊር መስኮቱን ዝቅ አደረገ።

"ብረት ትወስዳለህ?"

ቆራሌው ተቀበለው። ስንት ልስጥህ ብሎ ሳይጨርስ ሙናዊር መስኮቱን ዘጋው።

ከዚያ በኋላ መኪናዋ እንደ አዲስ ሆነች። በጋዝ ዋለች፤ ዳገት ወጣች፤ በሺህ በር ፊት አለፈች። የኋላ ኮፈኗም ጸጥ አለ። ሙናዊር በራሱ ሳቀ። ሽቦ ነው ለካ። በተላጠ ሽቦ ነው ያን ሁሉ እንቅልፍ ያጣሁት አለኝ። በዚያው ማታ መኪናዋን ወደ ግቢያችን አምጥቶ በር ላይ አቆማት። ሪሐና ወጥታ ጣሪያዋን እንደ ላም ጀርባ መታ መታ አደረገቻት።

ምጧ የመጣው ከሰዓት በፊት ነው። መኪናዋ በር ላይ ነበረች። እትዬ የሺ ከኋላ አቅፈዋት ተቀመጡ። ሙናዊር ቁልፉን ነካ አደረገው፤ ተነሳች። መንገድ ላይ አንዴም አላስቸገረችም። በጊዜ ደረሱ።

ሴት ልጅ። ጤነኛ።

ሙናዊር የሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ እንደቆመ አለቀሰ ብለው እትዬ የሺ ነገሩኝ።

በማግስቱ ከሰዓት ሊያወጣቸው ሄደ። እትዬ የሺ ገንፎ እያገነፉ ነው፤ ግቢው ቅቤ ቅቤ ይሸታል። እኔም ቤቴ ሆኜ መምጣታቸውን እጠብቃለሁ።

ሙናዊር ለጥንቃቄ ብሎ ማብሪያዋን ወደ ቤንዚን አድርጓት ነበር። በቤንዚን ጠፍታ አታውቅማ። ሪሐና ከጎኑ ልጅቷን ታቅፋለች። ወደ ቅያሳችን ታጠፉ። በራችን ታየ።

ከኋላ ኮፈን ውስጥ...

ቃጭ።

"ምንድን ነው እሱ?" አለች ሪሐና፤ ልጅቷ እንዳትነቃ በሹክሹክታ።

ኮፈኑ ባዶ ነው። ራሱ ነው ያጸዳው።

ቃጭ... ቃጭ።

ሞተሩ ጠፋ።

አላሳለም።

ሪሐና ፈገግ አለች። ያጠፋው እሱ መስሏታል።

"ደረስን አይደል? ክፈትልኝ እንጂ።"

"አትውረጂ።"

"ምን?"

"ቆይ... አትውረጂ።"

ዓይኑ በሩ ሥር ነው። ከበሩ ምሰሶ አጠገብ፣ ጭቃው ውስጥ፣ አንድ የዛገ ቀለበት ከመሬት ወጥቷል። ቀለበቱ ላይ የገመድ ቁራጭ ታስሯል። ካስማው እስከ አንገቱ ተመትቶ ገብቷል። ዙሪያው ያለው ጭቃ ለስላሳ ነው... የማንም እግር አልረገጠውም።

ሲወጣ አልነበረም።

ወደ ልጅቷ ዞረ። ተኝታለች። ከንፈሯ ላይ አንዲት የወተት አረፋ አለች።

ተነፋች... ሟሸሸች... ተነፋች... ሟሸሸች...

ተነፋች።

አልተመለሰችም። አልፈነዳችምም። እንደተነፋች ቆመች።

"ሪሐና" አለ። "ልጅቷን..."

"ተኝታ ነው። ምን ሆነሃል?"

ቁልፉን ነቅሎ ወረደ። እኔ የበሩን ድምፅ ሰምቼ ስወጣ ትከሻውን ከመኪናዋ አፍንጫ ጋር አጣብቆ ሲገፋ አገኘሁት። ፊቱ አመድ መስሏል። ቁልፉን በጥርሱ ነክሷል።

"ወደ ኋላ" አለኝ። ሌላ ቃል አልተናገረም።

አብሬው ገፋሁ። ቅያሱ ወደ ታች ስለሆነ ጎማዋ መንከባለል ጀመረ። አፍንጫዋ የበራችንን ምሰሶ ባለፈች ቅጽበት...

ሞተሩ ተነሳ።

ቁልፉ አሁንም በሙናዊር ጥርስ መካከል ነበር። እኔ በዓይኔ አይቼዋለሁ።

በዚያው ቅጽበት ልጅቷ ጮኸች። ሰፈር የሚያነቃ ጩኸት። ሪሐና በአንድ እጇ የእጅ ፍሬኑን ሳበችው። ሙናዊር ያንን ጩኸት ሲሰማ መሬት ላይ ቁጭ አለ።

ወደ ግቢው አልገቡም። ወደ ሪሐና እናት ቤት፣ ወደ አየር ጤና ሄዱ፤ እዚያው ቀሩ። ልጅቷ ዛሬ ደህና ናት፤ ጥርስ አውጥታለች። ዕቃቸውን በአይሱዙ የጫንኩላቸው እኔ ነኝ።

ካስማው ግን በራችን ላይ ነው።

ልነቅለው ሞክሬያለሁ። አይነቃነቅም። ዝናቡ ካባራ ቆይቷል፤ መሬቱ ደርቆ ተሰነጣጥቋል። ገመዱ ግን እርጥብ ነው። አንድ ቀን ቆራሌው ሲያልፍ ጠርቼ ንቀለውና ውሰደው አልኩት። አየው። ጆንያውን ወደ ሌላ ትከሻው አዛውሮ ሄደ። ቅያሱን ጨርሶ እስኪወጣ ድረስ "ቆራሌው" ብሎ አልተጣራም።

አሁን በዚያ በር የምንገባና የምንወጣው እትዬ የሺና እኔ ብቻ ነን። የእነሙናዊርን ክፍል የሚከራይ አልተገኘም። ስለ ካስማው አንነጋገርም። ጠዋት ጠዋት ግን ሰላምታችን ረዝሟል።

"እንዴት አደርክ ልጄ? ሳል ነው የምሰማው?"

"ደህና ነኝ እትዬ። እርስዎስ? ወገብዎ እንዴት ነው?"

"ደህና ነኝ እኔ። ፊትህ ግን ገረጣብኝ።"

እንዲህ እየተጠያየቅን ቆየን። ደክሞናል ሁለታችንም።

ትናንት፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ከቅያሱ ታች የሞተር ድምፅ መጣ። ቀስ እያለ ቀረበ። በራችን ላይ ሲደርስ...

ዝም።

ከቤቴ ወጣሁ። እትዬ የሺም ከቤታቸው ብቅ አሉ። ተያየን።

"ሙናዊር ነው እንዴ?" አሉኝ በሹክሹክታ።

ደወልኩለት። አነሳ። አየር ጤና ነኝ አለኝ፤ መኪናዋም ፊቴ ቆማለች አለኝ።

እትዬ የሺ ነጠላቸውን ራሳቸው ላይ ሳብ አድርገው ወደ በሩ ሄዱ። ከፈቱት። እኔ ከጀርባቸው ቅያሱን አየሁት። ማንም የለም፤ ፀሐይ ብቻ። የረጠበ ሸራ ሽታ ወደ ግቢው ገባ።

እትዬ የሺ ወደ ባዶው መንገድ አንገታቸውን አወጡ።

"ማንን ነው?" አሉ።

ትንሽ ቆሙ። ጆሯቸውን አዘንብለው።

ከዚያ መልስ እንደሰማ ሰው ራሳቸውን ነቀነቁ... ቀስ ብለው ዞሩ...

አዩኝ።